የሠርጉ ውሃ

አንድ ሰው ነበረ። ቆላ የሚኖር ባለጸጋ። ጥያቄሽን አልረሳሁም፣ ዘርፌ፤ ማሽላችን በዚህ ቃጠሎ ካልሞተ ለምን ፍሬ ነሳን ብለሻል። ቁጭ በይና ስሚኝ።

የሰውየው ግቢ ሥራ አያጣም። ግንበኛው ይገነባል፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ሴቶቹ ለአንድ ልጁ ሠርግ ጠላ ሊጠምቁ ጋኖቹን ውሃ ሞልተዋል። ልጅቱም ጥፍሯን እንሶስላ ሞቃለች።

ሽማግሌ አጎት ነበረው። ተነሥቶ ከተናገረ ቤቱ ሁሉ ይታዘዘዋል፤ የሚናገረው ደግሞ «አቁሙ» ነው። ስለዚህ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው በጨዋታ ይይዙታል። «ጋሼ፣ ያችን የበቅሎዋን ነገር ይድገሙልን እስኪ» ይሉታል፤ መቶ ጊዜ የሰሟትን። እሱም እየሳቀ ያወራል፣ አይነሣም።

ሙቀት መጣ፤ ምን ሙቀት ብቻ፣ ጥላው ራሱ የሚያቃጥል። ግንበኛው ከግንቡ ሥር ወድቆ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ። ሸማኔው ከመሸመኛ ጉድጓዱ መውጣት አቃተው። ሁለቱ ሴቶች የወደቁትን ሊያነሡ ሮጡ። ሽማግሌውን የያዘው አልነበረም። ተነሣ።

«ግንቡ ይቁም። ሽመናው ይቁም። ድግሱም ይቁም። የጋኖቹ ውሃ ለወደቁት ይሁን» አለ።

ባለጸጋው የሽማግሌውን ጋቢ ጫፍ ያዘ። ወንዙ ደርቋል፣ ሌላ ውሃ የለም። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ በቀኑ ካልተደገሰ ሌላ ቤት እንሄዳለን ብለውታል። የልጅ ልጅ ማየቱ በዚያ ውሃ ላይ ነው። ጎትቶ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሽማግሌ ምን ጉልበት አለው?

«አጎቴ፣ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ» አለው።

«እሷስ አትወድቅም?» አለው ሽማግሌው።

ሰውየው ወደ ግንበኛው ዞር አለ። የወደቀው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቷል። ጋቢውን ለቀቀ።

የሠርጉ ውሃ በሰው ራስና ጉሮሮ ላይ ፈሰሰ። ለሸማኔው ግን አልደረሱለትም፣ ሞተ። ሌላው ተረፈ። ሙቀቱ ሲያልፍ ሴቶቹ ተመልሰው ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ፣ የበቅሎዋን ነገር ጠየቁት፤ ግንቡም ቀጠለ። ሙሽራው ሌላ አግብቷል። ልጅቱ የእንሶስላው ቀለም ከጥፍሯ እስኪያልቅ እጇን ስታይ ከረመች፤ ጊዜዋ አለፈ፣ ሳትወልድ አረጀች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የጋኖቹን ጓዳ ገርበብ አድርገው ይተዉታል እንጂ አይዘጉትም።

እንግዲህ ዘርፌ፣ ማሽላው ያ ቤት ነው። ሮጦ ጥላ አይገባ ነገር። አንቺ ዘረመል እያልሽ ያነበብሽልኝ ትእዛዝ ሁሉ በሆዱ አለ፤ እደግ የሚለውም፣ ፍሬ ያዝ የሚለውም፣ የወደቀውን አንሣ የሚለውም። ሲቃጠል ይኼ የመጨረሻው ይጮኻል፣ የቀረው አፉን ይይዛል። እንደ ሽማግሌው ያለ አዛዥ በውስጡ አለ፤ እሱን በደጉ ጊዜ ይዘው የሚያስቀምጡት፣ እንደ ሁለቱ ሴቶች፣ ራሳቸው የወደቀ አንሺዎቹ ናቸው፤ እነሱ ለወደቀው ሲሮጡ እሱ ይለቀቃል። ሙቀቱ ዳግም ቢመጣ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ጓዳው ገርበብ ብሏልና።

ነሳን አትበይ፣ ልጄ። ያለውን ውሃ ለነፍሱ አፍስሶ ነው። በይ ማጭዱን አምጪልኝ፤ አገዳው ለላሟ ይሆናል። እኛ የምንበላውን እንጃ።