እንግሊዝኛ የተማረው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ የአንዲት አህያ ውርንጭላ እግሩ ተሰብሮ ተኛባት። ወንዙ ሩቅ ነው። ውሃ ካላመጣችለት ይሞታል፤ ብቻውን ጥላው ከሄደችም ይበላል። ስለዚህ ጠባቂ ፈለገች። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ያልተጠየቀበት ሥራ ወግ የለውም ይባል ነበርና፣ እሷም «እንግሊዝኛ የሚችል» ብላ አስነገረች።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቷ ላም ናት።

«እኔ እጠብቅልሻለሁ፣ እህቴ።»

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?»

«ኧረ እኔ የት አባቴ አውቄው!»

«እንግዲያው አይሆንም» አለች አህያ። አዘነች፤ ግን ምን ታድርግ፣ አንዴ አስነግራለች።

ወሬውን የሰማው አያ ጅቦ ወደ እሜቴ ቀበሮ ሮጠ። እሜቴ ቀበሮ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር እየተኛች ብዙ ሰምታለች።

«ሁሉን መማር አያስፈልግህም» አለችው። «‹ሉክ አፍተር› የምትለዋን ብቻ ያዝ። መንከባከብ፣ መጠበቅ፣ ደህንነቱን መከታተል ማለት ናት። ለድካሜ የውርንጭላውን ጭንቅላት ብታስቀርልኝ ይበቃኛል።»

ጅቦ ቀኑን ሙሉ አንዲት አጥንት ሳይቀምስ አጠና። ይህ ኋላ ጎዳው።

በማግስቱ አህያ ፊት ቀረበ። ላሚቱም እዚያው አጠገብ ቆማ ታመነዥካለች።

«እመት አህዪት፣ ‹ሉክ አፍተር› ማለት መንከባከብ፣ መጠበቅ፣ ደህንነቱን መከታተል ማለት ነው» አለ ባንድ ትንፋሽ።

አህያ ደስ አላት። ጀሪካኖቿን ጫነች።

«በል በዓረፍተ ነገር አስገባልኝና ልሂድ።»

ጅቦ ውርንጭላውን አየ። ምራቁን ዋጠ።

«ውርንጭላውን እስከ ምሳ ድረስ ሉክ አፍተር አደርገዋለሁ።»

ላሚቱ ማመንዠኳን አቆመች።

«ከምሳ በኋላስ?» አለች አህያ።

ጅቦ አሰበ። ይህን አልተማረም።

«ከምሳ በኋላማ ምን የሚጠበቅ ይኖራል?»

ላሚቱ ቀንዷን ዝቅ አድርጋ መጣችበት። ጅቦ እግሬ አውጪኝ አለ፤ መንገድ ላይም ቀበሮን አገኛት።

«አላስተማርሽኝም!» ብሎ ጮኸባት።

«ትርጉሙንማ አስተምሬሃለሁ። ሆድህን ማን ያስተምረው?» አለችና ሌላ ምሳ ፍለጋ ሄደች።

አህያ አፈረች።

«እህቴ፣ ይቅር በዪኝ። ትጠብቂልኛለሽ?»

«እንግሊዝኛውስ?»

«ይቅር።»

ማምሻውን ውሃ ይዛ ስትመለስ ላሚቱ ከውርንጭላው አጠገብ ፈቀቅ አላለችም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጃችንን ለሰው አደራ ስንሰጥ ምን እንደሚያውቅ ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደራበው መጠየቅ እንደሚገባን ነው።