የእመት አህዮ ፍሬንና የአለቃ ቀበሮ ምክር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት በመኪና መጓዝ በጀመሩበት ዘመን፣ እመት አህዮ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ጀርባዋ በዳውላ ሲላጥ ከኖረ በኋላ እንደ ምንም አንዲት አሮጌ ፒካፕ አገኘችና የሰፈሩን ጭነት ከደጋ ወደ ቆላ ታመላልስ ጀመር። መንገዱ ግን የሚያስፈራ ነበር። ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለት፣ በስተቀኙ ደግሞ ገደል ነው።

አንድ ቀን የመኪናዋ የፍሬን ዘይት እንደ ኑግ ጠቁሮ አየችና ወደ አያ ጅቦ ጋራዥ ሄደች። አህያ በገዛ ፈቃዷ ወደ ጅብ ግቢ መሄዷ ለሰሚው ግራ ነው፤ ነገር ግን በሰፈሩ ሌላ ጋራዥ አልነበረም። ስለዚህ ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ በሩን ቆልፋ፣ በመስኮት ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ የፍሬን ዘይቱን ይቀይሩልኝ። ነገ ዶሮዎችን ከነጫጩቶቻቸው ጭኜ ቆላ እወርዳለሁ። ብርዱ ልጆቻቸውን እየጨረሰባቸው ነው።»

«ምን ችግር አለ!» አለ ጅቡ። በየጎማው ውስጠኛ በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላና፣ «በሉ አሁን ፔዳሉን እየደጋገሙ ይርገጡ፤ አሮጌው ዘይት ይውጣ» አላት።

ዘይቱ መንጠባጠብ እንደ ጀመረ ነፋሱ የሞተ በሬ ሽታ ይዞ መጣ። የአያ ጅቦ አፍንጫ ተነፋ። «መጣሁ! እርስዎ ዝም ብለው ይርገጡ!» ብሎ ወደ ጫካው ተፈተለከ።

እመት አህዮ የታዘዘችውን የምታደርግ ናት። ረገጠች፣ ረገጠች፣ አሁንም ረገጠች። ሞተሩ አጠገብ ያለው የዘይት ዕቃ ባዶውን ቀረ። ጅቡ አፉን እየላሰ ሲመለስ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ አዲሱን ዘይት እስከ አፉ ሞላና «አለቀ! እንደ አዲስ ሆናለች» አለ።

ከጋራዡ ወጥታ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እመት አህዮ ፍሬን ያዘች። ፔዳሉ ጭቃ እንደ ረገጡ ሰመጠ። እግሯ ወለሉን ነካ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ደንግጣ ብትደጋግመው ፔዳሉ ጠንከር አለና መኪናዋ የቁልቋሉን አጥር ልትገጭ ስንዝር ሲቀራት ቀጥ አለች።

ልቧ እስኪመለስ ቆየችና እንደገና ረገጠችው። ሰመጠ።

«ወይ ጉድ! አሁን ጠንክሮ አልነበር?»

ወርዳ ከመኪናዋ ሥር አጎንብሳ አየች፤ የሚያፈስ የለም። ኮፈኑን ከፍታ አየች፤ ዘይቱ ሙሉ ነው። ታዲያ ምን ነካው? ቀስ ብላ እየነዳች ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

«አያ ጅቦ፣ ፔዳሉ ይሰምጥብኛል።»

«አዲስ ዘይት እኮ ለስላሳ ነው» አለ ጅቡ። «ቅቤም ሲቀልጥ ይለሰልስ የለ? ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።»

«እስኪቀዘቅዝ ገደል ብገባስ?»

«እ... እሱን አላሰብኩትም። በሉ እንጨምርበት።» ጨመረ፤ ዘይቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ፔዳሉ ያው ሰመጠ። «አሃ፣ በዝቶበት ነው፤ እንቀንስ!» ቀነሰ። ሰመጠ። ጅቡ ራሱን እያከከ አንድ ጊዜ ጎማውን፣ አንድ ጊዜ አህያዋን ያያል። እመት አህዮ ደግሞ እሱን ባየች ቁጥር የባሰ ግራ ይገባታል።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ግራር ጥላ ሥር ተጋድሞ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉን ሲያይ የዋለ አንድ ቀበሮ ይህን ጊዜ ተነሣ። ለአያ አንበሶ ሾፌር ሆኖ የኖረ፣ መኪና አዋቂ ነው ስለሚባል ሁሉም አለቃ ቀበሮ ይሉታል። ስለ ዶሮዎቹ የተወራውንም ሰምቷል።

«እመት አህዮ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ሲደጋግሙት ይጠነክር የለም?»

«ይጠነክራል።»

«የሚጠነክር ፍሬን ጤነኛ ፍሬን ነው። ቁልቁለቱን እየደጋገሙ እየረገጡ መውረድ ብቻ ነው። ይልቅ ዶሮዎቹን አያስጠብቋቸው፤ ጫጩቶቹ ያሳዝናሉ።»

ምክሩ ያማረ ነበር። ሆኖም እመት አህዮ ቤቷ ገብታ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። አንዱ ይጠነክራል ይላታል፤ ሌላው ጠንክሯል ይላታል፤ እግሯ ደግሞ ሰመጠ ይላታል። ማንን ትመን?

በማግስቱ ጠዋት ዶሮዎቹ ከነጓዛቸው ተሳፈሩ። ትልቋ እመት ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ አቅፋ የእመት አህዮን ፊት አየችና ጠየቀቻት።

«ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም?»

«ፍሬኑ ግራ አጋብቶኛል። አዋቂዎቹ ደህና ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ።»

«እኔ ከነዚህ ሌላ ልጅ የለኝም» አለች እመት ዶሮ ቀስ ብላ።

አያ ጅቦና አለቃ ቀበሮ ሊሸኙ መጥተው ነበር። ቀበሮው ጭራውን እየወዘወዘ፣ «በሉ በሰላም ግቡ። እኔ በአቋራጩ ወርጄ ከታችኛው መታጠፊያ እጠብቃችኋለሁ» አለ።

እመት አህዮ ጆሮዎቿን አቆመች። «ለምን በእግር? እኛም ወደዚያው ነን፤ ጋቢና ይግቡ እንጂ።»

«አይ፣ መኪና ራሴን ያዞረኛል።»

«አያ አንበሶን ሲሾፍሩ ኖረው?»

ቀበሮው ወደ አቋራጩ ፈቀቅ ማለት ጀመረ። ጅቡ ግን መኪና መሳፈር ደስ ብሎት፣ «እኔ እገባለሁ! ይምጡ አለቃ፣ ቦታ አለ!» ብሎ ቀበሮውን በጭራው ጎትቶ ጋቢና አስገባውና በሩን በሰፊ ትከሻው ዘጋው።

እመት አህዮ ወደ ኋላ ዞራ፣ «ዶሮዎች፣ ለጊዜው ውረዱ» አለች። ወረዱ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ ቀስ ብላ መንከባለል ጀመረች። ጅቡ በመስኮት ነፋስ እየተቀበለ ይስቃል። ቀበሮው ዓይኑ ፈጠጠ።

«አቁሚ! አቁሚ አልኩ! አይዝም! አየር ገብቶበታል!»

እመት አህዮ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። መኪናዋ ተንቀጥቅጣ አፋፉ ላይ ቆመች።

«የምን አየር?»

ቀበሮው እያለከለከ ተናገረ። «ጅቡ ወደ በሬው ሲሮጥ የዘይቱ ዕቃ ደረቀ። አንቺ ስትረግጪ ቧንቧው አየር ጠጣ። ዘይት ሲገፉት ጎማውን ያስይዛል፤ አየር ግን ሲጫኑት ይጨመቃል። ለዚህ ነው የሚሰምጠው።»

«ይህን ትናንት ታውቅ ነበር?» አለች። «እርስዎ» ማለቱን ትታለች።

የቀበሮው ዓይን ሳያስበው ወደ ጫጩቶቹ ሄደ። እመት ዶሮ ልጆቿን በክንፏ ሥር ሰበሰበች፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ከታችኛው መታጠፊያ ማን ሊጠብቃቸው እንደ ነበር ገባት።

«እኔንም ገደል ልትከተኝ ነበር?» ብሎ ጅቡ ጮኸ።

«አንተን ማን ግባ አለህ?» አለ ቀበሮው ተናድዶ።

መኪናዋን ገፍተው ወደ ሜዳው መለሷት። ቀበሮው ጭራው በገመድ ታስሮ፣ ማስተካከያውን ሳይወድ በግድ ነገራቸው። ከዘይቱ ዕቃ በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀመሩ። እመት አህዮ ፔዳሉን ረግጣ ትይዛለች፤ ጅቡ ብሎኗን ሲያላላ «ፍስስ» ብሎ አረፋ የሞላው ዘይት ይወጣል፤ እሷ እግሯን ሳታነሣ መልሶ ያጠብቃል። እመት ዶሮ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ቆማ የዘይቱን ዕቃ ትጠብቃለች፤ ሲጎድል ትጮኻለች፣ ይሞላል። አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ዘይት ብቻ እስኪወርድ በየጎማው እንዲሁ አደረጉ።

እመት አህዮ በመጨረሻ እየፈራች ረገጠች። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተቀበላት። ሜዳው ላይ ነድታ ሞከረችው፤ መኪናዋ ባዘዘቻት ቦታ ቆመች። እመት አህዮ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

ቀበሮው ገመዱን ሲፈቱለት ወደ ኋላ ሳያይ ጫካ ገባ። ዶሮዎቹም ቁልቁለቱን በሰላም ወርደው ቆላ ገቡ። አያ ጅቦ ግን መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲያክክ ቆየና ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጠየቀ። «እኔ ያልገባኝ... ቅቤው አሁን ቀዝቅዞ ነው?»

ከዚህ የምንማረው፣ «መንገዱ ደህና ነው፣ ሂዱ» የሚለንን መካሪ ቃሉ ስላማረ ብቻ ከማመናችን በፊት፣ እርሱ ራሱ አብሮን ለመሳፈር ይደፍር እንደሆነ ማየት እንደሚገባን ነው።