የአያልቅበት ጊደር

ዕድገት ጠይቆ «ታገሥ፣ አንተን አንረሳህም» ተብሎ ከአለቃው ቢሮ የወጣ ወጣት፣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ የሚያጉተመትማት አንዲት አባባል አለች። ጓደኞቹ ሰምተው ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። አባባሏን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደ መጣች የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። የመጣችው ከአንድ ሸማኔ ቤት ነው ይባላል። ያመጣትም አያልቅበት የሚሉት፣ ልቡ ሩቅ የሚሄድ፣ አፉ ግን ከደጃፍ የማያልፍ ጎበዝ ነው።

አያልቅበት ከደጋ ወርዶ ሥራ የገባበት ሸለቆ ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ ነበር። ከሸለቆው ራስጌ አንድ አምባ ቆሟል። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ደልዳላ ሜዳ፣ ሣሩም ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ደመና ወገቡን ይታጠቀውና የታችኛው ግማሽ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ አምባው መሬት የለቀቀ ይመስላል። አያልቅበት መጀመሪያ ያየው ዕለት የተሸከመውን ስንቅ ሳያወርድ አንጋጦ ቆሞ ቀረ።

ሸማኔ ቤቱም አምባውም የባላምባራስ እርገጤ ነበሩ። ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው። ሠራተኛ አይሳደቡም፣ ሰው ፊት አያዋርዱም፣ ማዕዳቸውም ሰፊ ነው። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ ለሰው ተስፋ መስጠት እንደ ጠጅ ያሰክራቸዋል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ወጣቶቹን ሠራተኞች ግቢው ውስጥ በተራ ያቆሙና «ምን ላድርግልህ? ምን ላድርግልሽ?» እያሉ አንድ ባንድ ይጠይቃሉ። የቤቱ ወግ ነው። ተጠያቂው አሰላስሎ እስኪመልስ መጠበቅ ግን አይሆንላቸውም ነበር።

አያልቅበት የሚፈልገውን ያውቃል። ሥራው ማጠንጠን ነው፤ ሴቶቹ የፈተሉትን ልቃቂት እየፈታ ለሸማኔዎቹ ያዘጋጃል። እጁ እዚህ ይሁን እንጂ ዓይኑ ከአባ ጥጋቡ ጉድጓድ አይነሣም። አባ ጥጋቡ የቤቱ ዋና ሸማኔ ናቸው። ሸማኔ ሁሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው የሚሠራው፤ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። አባ ጥጋቡ ሲወረውሩ ግን መወርወሪያው የሚዋኝ ይመስላል። ከነጩ ነጠላ ጫፍ ላይ ጥለቱ ቀስ እያለ ብቅ ሲል፣ አያልቅበት ልቃቂቱን እጁ ላይ ይረሳዋል። አንድ ቀን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥ፣ መማር፣ አምባው ሲመሽ የሚለብሰውን ቀለም ጥለት አድርጎ ማውጣት፤ ገበያ ላይ ሰው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ «ይህ የማን እጅ ነው?» ሲል፣ «የአያልቅበት ነው» ሲባል መስማት። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ደረሰ። ከእሱ ፊት የቆመችው ሽታዬ የምትባል ፈታይ ነበረች።

«ሽታዬ፣ ምን ላድርግልሽ?» አሏት ባላምባራስ።

«ክር ማቅለም ልማር ጌታዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክር ከሚያቀልሙት ከእመይቴ ዘንድ ልቀመጥ።»

«ማቅለም? እጅሽ ሊበላሽ?»

«ይበላሽ።»

ባላምባራስ ሳቁ። «እንግዲያ ተቀመጪ!» አሉና ወደ አያልቅበት ዞሩ። «አንተሳ? ምን ላድርግልህ?»

አያልቅበት ባደገበት አገር ትልቅ ሰው ፊት «ይህን ስጡኝ» የሚል ልጅ ዓይን አውጣ ይባላል። ቃሉ እስከ ምላሱ ጫፍ መጥቶ ይሉኝታ ያዘው። «እኔማ ጌታዬ...» አለና መሬት መሬት አየ።

«ገባኝ! ገባኝ!» አሉ ባላምባራስ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ጎበዝ የሚያምርበት ከብት ነው። ነጯ ላሜ የወለደቻት ጊደር ያንተ ናት! አምባዬ ላይ ትደግልህ!»

ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ላም ተሰጥቶት ፊቱን የሚያጠቁር ማን አለ? አያልቅበት ወድቆ ጉልበት ሳመ። ከንፈሩ ጉልበታቸው ላይ ሳለ፣ የጉድጓዱን ነገር ለከርሞ እነግራቸዋለሁ ሲል በልቡ አሰበ።

ወደ አምባው መውጫው አንዲት ስንጥቅ ናት። ሰው በመጫኛ እየተንጠላጠለ ይወጣል፤ ከብት ደግሞ ጥጃ ሳለ ስልቻ ውስጥ ተከቶ፣ አንገቱ ብቻ ወጥቶ ይሳባል። የአያልቅበት ጊደር ስትወጣ ሸለቆው ሁሉ ወጥቶ አየ። ነጭ ግንባሯ ከስልቻው አፍ ብቅ ብሎ፣ እየተወዛወዘች፣ እያነሰች ሄደችና ደመናው ውስጥ ገባች። አያልቅበት ያን ጊዜ ስም አወጣላት፤ ንጋት አላት። እንዴት እንደምትወርድ ግን አልጠየቀም። ደስ ባለው ቀን የመውረጃውን ነገር የሚጠይቅ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሥራ ሲፈታ አጥሩ ሥር መቀመጥ ልማዱ ሆነ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከብቶቹ ወደ አምባው አፋፍ ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዲት ነጭ ነጥብ ትለያለች። እሷ ናት። አንዳንዴ አንገቷን የምታዞር፣ እሱንም ከዚያ ሁሉ ከፍታ ለይታ የምታየው ይመስለዋል። እያያት ቤት ይሠራል፣ ቅቤ ይንጣል፣ እንግዳ ይቀበላል። ልቡ በወተት ይሞላል። ሲነጋ ግን ቁርሱ ያው የትናንቱ ቆሎ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲያ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደውና ሕልም አየ። አምባው አናት ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ገብቶ ተቀምጧል። ድሩ ከአንዱ ደመና እስከ ሌላው ተወጥሯል። መወርወሪያውን ሲወረውር ድምፅ አያወጣም፤ ከወዲያ በኩል ንጋት ተቀብላ በአፍንጫዋ ትመልስለታለች። ሸማው እየረዘመ፣ በገደሉ ላይ እየተዘረጋ ወረደ፤ ጥለቱ የቱ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ሲል ሽታዬ ቀሰቀሰችው። እጇ እስከ ክርኗ በቀለም ሰማያዊ ሆኗል።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው።

ነገራት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የፈለግኸው ላም ነበር?»

«ላም እኮ ሀብት ነው።»

«የፈለግኸው እሱን ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

አያልቅበት ቀና ብሎ አምባውን አየ።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አለችና ክሯን ልታሰጣ ሄደች።

እውነቷን ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ዳሩ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር፣ አፉን ገና ሲከፍት ባላምባራስ ይቀድሙታል። «ጊደርህ ለኮርማ ደረሰች!» ይላሉ አንድ ዓመት። «ላምህ ወለደች! የጥጃ ጌታ ሆንክ!» ይላሉ በሌላው። እልልታው ይቀልጣል፤ አያልቅበትም ጉልበት ይስማል። ሌሎቹ ባልደረቦቹ አንዱ ሰዓት አስቀንሶ፣ አንዱ ሥራ አስቀይሮ፣ ሽታዬም ቀለሟ እስከ ሩቅ ገበያ ታውቆላት፣ እሱ ያው ልቃቂት ያጠነጥናል። ሆዱ ይባባል። ወዲያው ደግሞ ቀና ብሎ ነጯን ነጥብ ያይና ይጽናናል።

አባ ጥጋቡ ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቀን መወርወሪያውን አስቀመጡና «ድሩን ከማጉ መለየት አቃተኝ» ብለው ከጉድጓዱ ወጡ። ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። እንቁጣጣሽም ደርሷል። አያልቅበት በዚያ ሰሞን ምግብ አልበላ አለው። የሚናገረውን ሲያጠነጥን ይለማመዳል፤ «ጌታዬ፣ ጉድጓዱን ለእኔ» ይላል ለልቃቂቱ፣ ለግድግዳው፣ ለራሱ። ዘንድሮ ካልተናገረ ዕድሜውን ሲያጠነጥን እንደሚኖር ተረድቶታል።

ቀኑ ደርሶ በተራ ቆሙ። ከፊቱ የቆመው ጫኔ የሚባል፣ ከማዶ መንደር በቅርቡ የመጣ ልጅ ነበር።

«አንተ አዲሱ፣ ምን ላድርግልህ? ጥጃ ልስጥህ?» አሉ ባላምባራስ።

«ጥጃስ ይቅርብኝ ጌታዬ። ያንን ጉድጓድ ይስጡኝ። ሙያው የለኝም፤ ግን እማራለሁ።»

ባላምባራስ በሳቅ ፈነዱ። «ደፋር! እንዳልክ ይሁን፣ ግባበት!» አሉ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱም ወደ አያልቅበት ዞሩ። «ያንተንማ አትጠይቀኝ! ንጋት ደግሞ ጊደር ወለደች!»

እልልታው ሊጀመር ሲል አያልቅበት ጉልበት ሳይስም ቆመ። ሽታዬ ይህን አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ላሚቱ ትውረድልኝ» አለ።

«ትውረድ?» ባላምባራስ ግራ ገባቸው። «በምን ትወርዳለች? ስትወጣ በስልቻ ነው የወጣችው። አሁን እሷን የሚችል ምን መጫኛ አለ? አምባ የወጣም ሆነ እዚያ የተወለደ ከብት እዚያው ኖሮ እዚያው ነው የሚሞተው። ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?»

«እንግዲያ ወተቷ ይውረድልኝ።»

«ወተትማ እዚያ ላይ ለሚኖረው ለከብት ጠባቂው ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ወግ ነው። ላሚቱ ግን ያንተ ናት!» አሉ ባላምባራስ፣ ከልባቸው። «ጥጆቿም ያንተ ናቸው። አገር ያውቃል!»

አያልቅበትን ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ ማንጋጠጥ በአንድ ጊዜ ታወሰው። «እኔ መቼ ላም ፈለግሁ?» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ታዲያ ምን ፈለግህ?»

በጣቱ አሳየ። «ያንን።»

ባላምባራስ ጉድጓዱን አዩ፤ እሱን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ጉድጓዱን? ልጄ፣ አባ ጥጋቡ እኮ ‹ተማሪ ስጡኝ፣ እጄን የምተካበት ሰው ስጡኝ› እያሉ ሲወተውቱኝ ነው የኖሩት። ያን ዕለት ‹ጉድጓዱን› ብትለኝ ያን ዕለት አስቀምጥህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«በየዓመቱ ጠየቅሁህ እንጂ!»

«ጠይቀውኛል ጌታዬ፤ የሚመልሱት ግን እርስዎ ነበሩ።»

ጫኔ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ልነሣለት» አለ። አያልቅበት ግን ትከሻውን ያዘው። «ተው፤ አንተ ተናግረህ ያገኘኸው ነው። ተቀመጥና ተማርበት» አለው። ይህን ያለው እየመረረው ነው፤ ግን ብሎታል።

ያንኑ ዕለት ስንቁን ቋጠረ። አባ ጥጋቡ በር ላይ ክንዱን ይዘው አቆሙት። «ከወንዙ ባሻገር አንድ ወዳጄ የሆነ ሸማኔ አለ» አሉት። «እኔ እንደላክሁህ ንገረው። ደግሞ ስማኝ፣ ከቤቱ ስትደርስ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ የምትፈልገውን ተናገር። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምተህ ይሆናል፤ የወጣት ሰው ዝምታ ግን ይነቅዛል።»

አያልቅበት ጉንጫቸውን ስሞ ወጣ። ሽታዬ እስከ መንገዱ ሸኘችው። መታጠፊያው ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ አምባውን ቀና ብሎ አየ። ነጯ ነጥብ አፋፉ ላይ ቆማ ነበር። የእሷ ጥፋት አልነበረምና አሳዘነችው፤ ሳይወድ በግዱ ናፈቀችው። ከዚያም ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ።

ወደ ማታ አንድ የጨው ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ ከባላምባራስ ግቢ ገባ። ባላምባራስ አባ ጥጋቡ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ እንደ ወትሯቸው አይጫወቱም።

«ወንዙ ዳር አንድ ጎበዝ አገኘሁ» አለ ነጋዴው ጭነቱን እያራገፈ። «ከባላምባራስ ቤት ነው የመጣሁት አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አገልግለህ ምን ይዘህ ወጣህ ብዬ ብጠይቀው፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ዕንባው ይወርዳል። እኔም ቀና ብዬ አየሁ፤ ከደመና በቀር ያየሁት የለም። ምን ማለቱ ነው?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ቀና አሉ። አምባው በደመና ተሸፍኖ አፋፉም አይታይም። ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። አባ ጥጋቡ የፈዘዙ ዓይኖቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ምን ይበልህ ወዳጄ» አሉት፣ «‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ማለቱ ነዋ!»