ዱባው የሮጠ ዕለት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እንዲህ ካላችሁማ ላሟ በሩን ገፍታ ትወጣለች። ጠበቅ አድርጉት!

«የላም በረት!»

እሰይ፣ ልጆቼ። በድሮ ዘመን ሽታዬ የምትባል ጓሮ ወዳድ ሴት ነበረች። ሙሽራ ሆና ስትመጣ የእናቷን የዱባ ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣች። የኮክ ችግኝም ተከለች። ያን ጊዜ ጓሮው ፀሐይ በፀሐይ ነበረ። ሰኔ ላይ ትዘራለች። መስከረም ላይ አበባው ቢጫ በቢጫ ይሆናል። ኅዳር ላይ ዱባው እንደ ጠገበ በግ እዚህም እዚያም ተጋድሞ ይገኛል።

ጓሮ ግን ዞር ሲሉ ይለወጣል። ኮኩ አደገና ጥላው ሰፋ። አንድ ዓመት ነጭ ሽንኩርቱ እምቢ አለ። ሌላ ዓመት ጎመኑ ቀጨጨ። ከዚያም ዱባው ፀሐይ ፍለጋ አጥር ለአጥር ይንከራተት ጀመር።

ጎረቤቷ አያ ደምለውም፦ «ኮኩን ቁረጪው» አሏት።

እሷም፦ «እጄ ላይ ያደገውን? እርስዎ ልጅዎ ሲረዝም ይቆርጡታል?» አለች።

አንድ ክረምት ያስቀመጠችውን ዘር አይጥ በላባትና አንዲት ፍሬ ተረፈች። ዘራቻት፣ በቀለች፣ አንድ ዱባ ብቻ አፈራች። እሱ ከጠፋ የእናቷ ዘር ጠፋ ማለት ነው!

በዚያ አገር ደግሞ ዱባ ላይ ጣት አይቀሰርም። ከተቀሰረበት ይጨነግፋል ይባላል። ስለዚህ ሰዉ ዱባ የሚያሳየው በአገጩ ነው፣ በክርኑ ነው፣ በከንፈሩ ነው። አያ ደምለውማ በአጥሯ ሲያልፉ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ይደብቃሉ።

ኅዳር ገባና ዱባው በሰለ። ልትቆርጠው ስትል አንድ ማለዳ ጃርት ቀደማት። ተንከባለለበትና እሾሁ ላይ ሰክቶ ተሸከመው። ጎርደድ ጎርደድ እያለም ወጣ።

«ኡኡ! ዱባዬን!» አለች ሽታዬ። መንደሩም ዱላውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«የት ገባ?»

አያ ደምለው አገጫቸውን አሹለው፦ «ያውና!» አሉ።

«የት ያውና?»

ሚስታቸው በክርኗ፦ «እዚያ ጋ!» አለች። አንዱ በከንፈሩ ወደ ወንዙ፣ ሌላው በግንባሩ ወደ ገደሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ይላተም ጀመር። ጃርቱም ቆሞ ሳቀ።

«እኔ እኮ እዚህ መንደር የምሰርቀው ወድጄ ነው! ጣት የሌለው አገር!» አለ።

የሽታዬ ደም ፈላ። «ለሌባ ከሚሆንስ ይጨንግፍ!» አለችና ጣቷን ቀሰረች። ጃርቱም የዚያው አገር ልጅ አይደል፣ ደነገጠ።

«ኧረ ሴትዮ ተይ! ጀርባዬ ላይ ይበሰብስብኛል!» አለና ፈረጠጠ።

ኋላማ ታስሮ የኖረው ጣት ሁሉ ተፈታ! አያ ደምለው እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው በአሥሩም ጣት ቀሰሩ። ጃርቱ ከጣት ሊደበቅ በዚህ ጓሮ ገብቶ በዚያ ይወጣል። በሰው ማጀት ያልፋል። በዶሮ ቆጥ ሥር ይሾልካል። ዱባው በእሾሁ ተበሳስቶ ኖሮ ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። ዘሩ በየደረሰበት ይበተናል፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ማን ይየው! ጃርቱ ጉድጓዱ ሲደርስ የቀረው ቅርፊቱ ነው።

ሽታዬም ስቃ ስቃ ቤቷ ስትገባ አለቀሰች። «በገዛ ጣቴ የእናቴን ዘር አጠፋሁ» አለች። በጋውን ሙሉ ጓሮዋን ዞራ አላየችም።

ከዚያም ሰኔ መጣና ዝናቡ ወረደ። አያ ደምለው እየጮሁ መጡ፦ «ሽታዬ! ነይ ውጪ! ደጄ ላይ ዱባ በቀለ!»

ሚስታቸውም፦ «ማጀቴ በር ላይም!» አለች። ከዶሮው ቆጥ ሥርም በቀለ። የጃርቱ ጉድጓድ አፍ ላይ እንኳ በቅሎ መውጫ አሳጣው!

ሽታዬ መኮትኮቻዋን ይዛ ከደጅ ደጅ እየሮጠች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ቅጠሉን ትስማለች። «ለካ ጣት የሚጎዳው ለጋውን ነው! የበሰለውን ምን ያደርገዋል!» ትላለች።

አያ ደምለውም፦ «እንግዲህ ኮኩን ላትቆርጪው ነው?» አሏት።

«ለምን ብዬ? ፀሐይ ያለበት ጓሮ ሁሉ የእኔ ሆኗል! በሉ እግርዎን ያንሱ፣ ዱባዬን ሊረግጡብኝ ነው!» አለችና በገዛ ደጃቸው ገፋ አድርጋቸው ኩትኮታዋን ቀጠለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዱባ ወጥ አብሱ! ወጡ ከሌለም ቂጣ አላስቀይምም፤ ብቻ ጥርሴን አይታችሁ ለስለስ ያለውን ቁረሱልኝ።