ቫርኒሹ እስኪደርቅ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው የተሰበረ የመኪና ፓራውልት በፋይበር ግላስ መጠገን ነው። እሱ የጠገነውን አይታችሁ የቱ ጋ ተሰብሮ እንደነበር አታውቁትም።

ይህ ሰው እናቱን አያውቃትም። እሱን ወልዳ ሳትነሳ ነው የሞተችው። ያሳደጉት አባቱ አቶ ሽብሩ፣ ባሌ ውስጥ የወንዝ ጠባቂ ነበሩ። ስለ ሚስታቸው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ልጃቸው ሲጠይቃቸው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እሱም መጠየቁን ተወ።

አቶ ሽብሩ ሲያረጁ ልጃቸው አዲስ አበባ አምጥቶ ጓሮ ካለችው ክፍል አስቀመጣቸው። ከዕቃቸው ጋር አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘው መጡ። ዱሮ ወንዙ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምድ ይመጣ የነበረ የውጭ አገር ሰው፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ነው። ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ቀጭን፣ እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ። ግን ጫፉ ተሰንጥቋል፤ ቫርኒሹ ተላልጧል፤ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ዝገው ረግፈዋል።

ልጅየው ዘንጉን ሲያይ ልቡ ተሰረቀ። "አባዬ፣ ይህን እንደ አዲስ አድርጌ ነው የምሠራልህ!" አለ።

እውነትም ያዘው። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ከዘንጉ ጋር ነው። አሮጌውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀ። ስንጥቁን ሞላ። አዲስ ቀለበቶች አሠርቶ በሐር ክር ጠምጥሞ አሰራቸው። ቫርኒሽ ቀባ፤ አልወደደውም፤ ፍቆ እንደገና ቀባ።

አባትየው በዚያው ሰሞን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰፈሩን ስም፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆቻቸውን። ራሳቸውም አወቁት። አንድ ቀን በምርኩዝ እየተደገፉ ልጃቸው የሚሠራበት ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ስለ እናትህ ልንገርህ። ሳልረሳው።"

ወገኖቼ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቀው የኖረው ቃል ነው! ምን ያለ ይመስላችኋል?

"አባዬ፣ ቫርኒሽ ይዣለሁ። አሁን ከተውኩት ይበላሻል። ስጨርስ እመጣለሁ።"

አባት ትንሽ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ተመለሱ። በማግስቱም አስጠሩት። ሚስቱ ትርንጎ መጥታ "ኧረ አባባ አንተን ነው የሚፈልጉት፤ ዘንጉ የት ይሄዳል?" አለችው።

"ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ለሱ አይደለም እንዴ?" ብሎ ተቆጣት።

ለማን ነበር የሚለፋው? እስቲ ንገሩኝ።

ዘንጉ አለቀ። እንደ ማር ያበራል። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጓሮው ክፍል ገባ። አቶ ሽብሩ ጣታቸውን ከእጀታው እስከ ጫፉ አስኬዱ፤ ፈገግ አሉ።

"እጅዎ ይባረክ ጌታዬ" አሉት። "የኔም ልጅ እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው።"

እርስዎ አሉት! የገዛ ልጃቸውን!

አልጋው ሥር ተንበረከከ። "አባዬ፣ እኔ ነኝ። ስለ እናቴ ልትነግረኝ ያልከውን አሁን ንገረኝ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱን ለልጄ ነው የምነግረው። አሁን ሥራ ይዟል፤ ሲጨርስ ይመጣል።"

ልቦናቸው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በክረምቱ ዐረፉ።

ያ ሰው የእናቱን ስም ያውቃል፤ ሌላ ምንም አያውቅም። ስትስቅ እንዴት እንደነበረች፣ ሳትሞት አቅፋው እንደሆነ የሚነግረው ሰው በምድር ላይ የለም። ዘንጉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።

ይህ ሰው ክፉ ልጅ ነበር? ክፉ ቢሆን በቀለለኝ! አባቱን ያበላ፣ ያለበሰ፣ ያሳከመ ነው። እናንተም እንደሱ ናችሁ። ለወላጆቻችሁ ጣሪያ ታድሳላችሁ፤ መድኃኒት ትገዛላችሁ፤ ፍራሽ ትቀይራላችሁ። አጠገባቸው መቀመጥ ግን ያቅታችኋል። እግዚአብሔርንስ? ቤቱን እናስውባለን፣ መጋረጃውን እንቀይራለን፤ ሲናገረን ግን ጊዜ የለንም። የሚደክመው እጃችን ነው፤ ጆሯችንን አንሰጥም።

ከእናንተ መካከል "በዓሉ ይለፍ፣ ቤቱ ይለቅ" እያለ የሚጠራውን ሰው ያቆየ አለ። እሱ ራሱን ያውቃል። ዛሬ ምንም አትግዙ። ባዶ እጃችሁን ወደሚጠሯችሁ ሂዱ። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ "እየሰማሁ ነው" በሏቸው። ገና በስማችሁ እየጠሯችሁ ሳለ።