የአራሷ አልጋና የሦስቱ ወንድማማቾች ዕቃ

በአንድ ወቅት፣ ክረምት ከገባ የሚወጣ በማይመስልበት በአንድ ደጋ ከተማ፣ ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ እናት ነበሩ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ዕቃ ወዳድ ናቸው። ወዳድ ብቻ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ወንዝ እንኳ በሌለበት አገር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የገዙ ሰዎች ናቸው! የሟች አባታቸውን ክፍል እስከ ጣሪያው ሞልተውት፣ በየሰንበቱ ዕቃውን ፈተው ይገጥሙታል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ።

እህታቸው ስንዱ የበኩር ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች፤ ሴት ልጅም በሰላም ተገላገለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጓዳው ቆርቆሮ ተበሳና ውሃ አልጋዋ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሕፃኗን ሳል ያዛት። ደረቅ ሆኖ የቀረው ያ የአባታቸው ክፍል ብቻ ነው።

«ዕቃችሁን አውጡና አራሷ ትግባበት» አሉ እናት።

«በዚህ ዝናብ፣ እማዬ? ይበላሻል እኮ!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። እስቲ ይታያችሁ!

እናት ተናደው ማሉ። «በአባታችሁ አጥንት! የስንዱን አልጋ ከውሃ ላዳነ ሰው ክፍሉን ሰጥቻለሁ። የቀረው ኮተቱን ይዞ ይውጣልኝ።»

ታላቁ አጥናፉ ድሮኑን አስነሣ። ዶሮው እየተንጫጫ፣ ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ፣ በጣሪያው ላይ አዞረውና ቀዳዳዋን በስልኩ አሳየ። ጥፍር አታህልም፤ ከታች ሆኖ ማንም አያገኛትም ነበር።

መካከለኛው ግዛቸው ተጣጣፊ መሰላሉን ዘረጋ። የሠፈሩ የእንጨት መሰላል ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ የእሱ ቀዳዳዋ ድረስ ወሰዳቸው። እርግጥ ነው፣ ሰባት ጊዜ ቆልፎ ሰባት ጊዜ ከፈታ በኋላ ነው።

ትንሹ ልየው አርባ ስምንት መብሻ ያለው ድሪል አለው። ይህ ይሻላል፣ የለም ያ ይሻላል ሲል ካፊያው ዶፍ ሆነ። ቢሆንም ወጣ፤ ጎማ ቆርጦ በብሎን አጠበቀው፤ ጠብታውም ቆመ።

«የኔ ነው! የኔ ነው!» እየተባባሉ ጓዳ ቢገቡ አልጋው የለም።

ለካ ሦስቱም ከጓሮ ቆመው ልየው መብሻ ሲመርጥ፣ ስንዱ ሕፃኗን ለእናቷ አስታቅፋ የአባቷን ክፍል ከፍታለች። እናቷ «ኧረ ወገብሽን! አራስ እኮ ነሽ!» እያሉ ቢጮኹም አልሰማችም። ዕቃውን አንድ በአንድ ደጅ አወጣች፤ አልጋዋንም ጎትታ አስገባች። አሁን ደረቅ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ታጠባለች፤ ዕቃው ዶፍ ይወርድበታል።

«አበላሸሽው!» አለ አጥናፉ፤ ዕንባው መጥቶ ነበር።

«ቀስ በል ጋሼ፣ ልጄ ተኝታለች።»

«አንቺ ሰማንያ ቀን ሲሞላሽ ባልሽ ቤት ትሄጃለሽ። ክፍሉ ምን ያደርግልሻል?» አለ ግዛቸው።

«ቆልፌው እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ ስወልድ እመጣበታለሁ።»

እናት መሐላቸውን አያጥፉም። እኔ እንደሆንኩ ንዴቴ ስላልበረደልኝ ፍርድ አያምርብኝም። እናንተ ፍረዱ፦ ክፍሉ የሚገባው ቀዳዳዋን ላገኘው ነው፣ ላደረሳቸው፣ ለደፈናት፣ ወይስ በአራስ ወገቧ አልጋዋን ለጎተተችው?