ቆቅ፣ ሁለቱ ፕሪንተሮችና የሐምሌ ዝናብ

ስሙኝማ! ጆሮ ያለው ያቅና፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ፣ አውሬም ዕቃም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ቆቅ የምትባል ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረች። ከአንበሳ ችሎት ማዶ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ከኤሊና ከሽኮኮ ጋር ትሠራለች። የሦስቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ገመድ ተያይዘዋል፤ የሚያትምላቸው ግን የለም። አንድ ቀን ነጋዴው ጉሬዛ ሁለት ፕሪንተር አምጥቶ ከገመዱ ጋር አያያዘና፣ "ሞክሯቸው፤ ማታ አንዱን ትመልሱልኛላችሁ" ብሏቸው ሄደ።

ለቆቅ ያ ቀን የጭንቅ ቀን ነበር። ከርከሮ እንቁላሎቿ ያሉበትን ሣር "የአባቴ ርስት ነው፣ ነገ እቆፍረዋለሁ" ብሎ ፎክሯል። ችሎቱ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ዛሬ አቤት ካላለች እንቁላሎቿ አበቃላቸው። ልቧ ድው ድው፣ ዓይኗ ወዲህ ወዲያ።

ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ሽቅርቅር ነው። "እኔን ውሰጂ እሜቴ! ዋጋዬ ርካሽ፤ ቀይ ብትዪ ቀይ፣ አረንጓዴ ብትዪ አረንጓዴ።"

የቀለም ዱቄት በሙቀት የሚያጣብቀው ሌዘር ግን ከባድና ኩሩ ነው። "እኔ ከጥቁር ሌላ አላውቅም። ሳልሞቅም አልሠራም።"

"ሰማሽው? እሳት ዳር ሊቀመጥ የመጣ ሽማግሌ!" አለ ኢንክጄት።

ኤሊ "ርካሹ ይሻላል" አለ። ሽኮኮ "ቆንጆው ይሻላል" አለች። ቆቅ "የፈጠነው ይሻላል" አለች። ስለ ዝናቡ የጠየቀ አንድም የለ! የሐምሌ ዝናብ ደግሞ እንግዳ ነው እንዴ?

ኢንክጄት እዥ እዥ ብሎ ማመልከቻውን አወጣው። ሲያምር! የእንቁላሎቿ ሥዕል ሳይቀር አለበት። በዚያ አገር ባለጉዳይ ማመልከቻውን አናቱ ላይ ይዞ ነው "አቤት!" የሚለው። ቆቅም አናቷ ላይ አድርጋ ሮጠች። ዝናቡ ወረደ።

አንበሳ ወረቀቱን ገልጦ፣ "ምንድን ነው ይሄ፣ የጎመን ወጥ?" አለ።

ችሎት ውስጥ የቆመው ከርከሮ በሳቅ ተንከተከተ። "ንጉሥ ሆይ፣ እኔ የተንከባለልኩበት ጭቃ ከዚህ ይሻላል!"

ቆቅ እያለከለከች ተመለሰች።

"ሳይደርቅ ይዘሽው ወጥተሽ እኮ ነው እሜቴ" አለ ኢንክጄት። "ደግሜ ላትመው፤ በቅጠል ሸፍኚው።"

አተመ፣ ሸፈነች፣ ሮጠች። የበሩ ዘበኛ ጦጣ ግን፣ "የተሸፈነ አቤቱታ አይገባም! ግለጪው!" አለቻት። ገለጠችው። ቀለሙ በላባዋ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ዳግም ተመልሳ ሌዘር እግር ላይ ወደቀች።

"ጋሼ፣ በልጆቼ ይዤሃለሁ!"

"ቆይ፣ ልሙቅ።"

"ጀንበሯ እኮ ልትጠልቅ ነው!"

"ልሙቅ አልኩሽ! ደግሞ በገመዱ የተላከ የሰርግ ጥሪ ቀድሞሻል።"

"የማን ሰርግ?"

"የልጄ" አለ ኤሊ አንገቱን እየሳበ። "እኔም መሞከሬ ነበር…"

"አያ ኤሊ፣ ሰርዘው!"

"መሰረዣውን… እየፈለግሁ ነው…"

ቆቅ ላባዋ እስኪቆም ጮኸች። "ሞት ቢልኩህ ጥሩ ነበር!" ሽኮኮ ዘላ የኤሊን ገመድ ነቀለችው፤ የሰርጉ ጥሪ ተቋረጠ። ሌዘርም ጉርር አለና ወረቀቱን ትኩስ አድርጎ አወጣው፤ ሥዕል የለ፣ ጌጥ የለ፣ ጥቁር ፊደል ብቻ።

ቆቅ በረረች። ጦጣ በሩን ልትቀረቅር ስትል ቆቅ አንገቷን አስገባች። "አቤት!"

አንበሳ ውሃውን ከወረቀቱ ላይ አራገፈና ከዳር እስከ ዳር አነበበ። "ከርከሮ፣ ያቺን ሣር ብትነካ ወዮልህ!" አለ። ጀንበር ጠለቀች፤ በሩ ተዘጋ።

ማታ ጉሬዛ መጣ። "የትኛውን ልውሰድ?"

"እሜቴ፣ ለሰርጉ ጥሪ እንኳ…" አለ ኢንክጄት።

"ደጋሹ ኤሊ ነው፤ እሱን ለምነው!" ብላ ቆቅ ፊቷን አዞረች። ጉሬዛም ኢንክጄትን ተሸክሞ ሄደ።

ወረቀት ላይ አልቆይ ያለው ቀለም ግን እሷ ላይ አልለቅ አለ። ቆቅ እስከ ዛሬ የተዥጎረጎረችው፣ ዓይኗም ወዲህ ወዲያ የሚለው ለዚህ ነው።

መልክ ሱቅ ውስጥ ይታያል፤ ሙያ ግን ዝናብ ላይ። እኔ ነገርኳችሁ፤ የማይሰማ ወጥቶ ይበስብስ።